«ሴቶቹስ የት ነበሩ?»

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ አንድ የቆየ የቴሌቪዥን ድራማ ጽፌ ነበር። ቶም ስቶፓርድ የጻፈው ነው። በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው በ1984 ነው። ርዕሱን ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሰው «ክቡን አራት ማዕዘን ማድረግ» እንደ ማለት ነው። የፖላንድ ሠራተኞች ሶሊዳርኖሽች የተባለውን ነፃ ማኅበር አቋቁመው ሶሻሊስቱን መንግሥት የተገዳደሩበትን ጊዜ ይተርካል።

በጽሑፉ መጨረሻ እኔም ያኔ ፖላንድ ውስጥ ተማሪ እንደነበርኩ በአንድ መስመር ጠቅሼ አለፍኩ። ደብዳቤው የጎረፈው በዚያች መስመር ምክንያት ነው። ከመጡት ስድስቱን መርጫለሁ። ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ድራማውን ፈልጌ አየሁት። ተራኪው አንድ ነገር ያሳየናል፤ ከዚያ ሌላ ሰው መጥቶ እንደዚያ አልነበረም ብሎ ያርመዋል። ግራ ገባኝ። የትኛውን ልመን? ርዕሱስ ምን ለማለት ነው? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ግራ ቢገባሽ አይፈረድብሽም። ጸሐፊው ሆን ብሎ ያደረገው ነው። መጀመሪያ ላይ የሶቪየቱ መሪ ብሬዥኔቭና የፖላንዱ ጊዬሬክ ባሕር ዳርቻ ላይ ሲያወሩ ታያለሽ። ያው ወሬ ወዲያው በሌላ መልክ ይደገማል። ጸሐፊው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ እንዳልነበረም አይደብቅሽም። ስለዚህ በዝግ በር የተባባሉትን እንደ ፈጠራ ተመልከቺው። ቀኖቹና ሹም ሽሩ ግን እውነት ነው። ጊዬሬክ በሴፕቴምበር 1980 ወረደ። ካኒያ ተተካ። በኦክቶበር 1981 ደግሞ ካኒያ ወርዶ ጄኔራል ያሩዜልስኪ መጣ።

ርዕሱ ከጂኦሜትሪ የተወሰደ ነው። በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ ከአንድ ክብ ጋር እኩል ስፋት ያለው ካሬ መሥራት የጥንት ሰዎች ሲታገሉበት የኖሩት ጥያቄ ነው። የማይቻል መሆኑ በ1882 ተረጋገጠ። አሁን የግዳንስኩን ስምምነት አስቢ። ኦገስት 31 ቀን 1980 በተፈረመው ወረቀት ላይ ሠራተኛው ከፓርቲው ነፃ የሆነ ማኅበር ይኖረዋል ተብሎ ተጻፈ። እዚያው ወረቀት ላይ አገሪቱን የሚመራው ፓርቲው ነው ተብሎም ተጻፈ። ሁለቱም ወገኖች ፈረሙበት። ክቡና ካሬው አንድ ላይ ተቀመጡ ማለት ነው። ለ16 ወር ያህል የኖሩት በዚህ ወረቀት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፋብሪካው የሠራተኛው ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያረጀሁት። ሠራተኛ የራሱ በሆነ መንግሥት ላይ ምን ነክቶት ይነሳል? (ጡረተኛ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የጠየቁትን እኔም እዚያ አገር በገባሁ በመጀመሪያው ወር ጠይቄ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ሥጋ ቤት ወረፋ ላይ ነው።

በሌላ አገር ሠራተኛው ደመወዙ ሲያንሰው ከባለ ፋብሪካው ጋር ይጣላል። ሥጋ ሲወደድበት ነጋዴውን ይወቅሳል። ቤት ሲያጣ ሌላ ደጅ ያንኳኳል። እዚያ ግን ባለ ፋብሪካው መንግሥት ነው። ሥጋ ሻጩ መንግሥት ነው። ቤት አዳዩም መንግሥት ነው። የማኅበሩን ሊቀመንበር የሚያስቀምጠውም፣ ጋዜጣውን የሚያሳትመውም፣ ፖሊሱን የሚልከውም ያው ነው። ስለ ቋሊማ ዋጋ የተጀመረ ጠብ በሁለት ቀን ውስጥ ስለ ሥልጣን ይሆናል። ሰዉ ፖለቲካ ስለወደደ አይደለም። ሌላ የሚጣላው አካል ስለሌለ ነው።

ይህ በ1980 የተጀመረ ነገርም አይደለም። ዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ ገና ሊከበር ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ መንግሥት የምግብ ዋጋ ጨመረ። በባሕሩ ዳርቻ ያሉ ከተሞች፣ ግዳንስክ፣ ግዲኒያ፣ ሽቸቺን፣ ኤልብሎንግ ተነሱ። ግዳንስክ ውስጥ የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ተቃጠለ። ዲሴምበር 16 ማታ አንድ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር በቴሌቪዥን ቀርቦ ሠራተኛው ወደ ሥራው ይመለስ አለ። በማግስቱ ጠዋት ግዲኒያ ላይ ጥሪውን ሰምተው ከባቡር የወረዱ ሰዎች የመርከብ ፋብሪካው መግቢያ ጋ ወታደር ጠበቃቸው፤ ተኩስ ተከፈተ። በዚያ ሳምንት በባሕሩ ዳርቻ ከ40 በላይ ሰው ሞተ። መሪው ጎሙልካ ወረደና ጊዬሬክ መጣ። የዋጋ ጭማሪው ግን እንዳለ ቀረ።

ጭማሪውን ማን እንዳሰረዘው ያውቃሉ ጋሼ? የእርስዎ ሙያ ባልደረቦች ናቸው። በፌብሩዋሪ 1971 እኔ በኋላ በኖርኩባት በዉች ከተማ (ሎድዝ እያሉ የሚጽፉም አሉ) የፈትልና የሽመና ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያሮሼቪች ራሱ መጣ። ሴቶቹ አለቀሱበት፣ ጮኹበት፣ በደመወዛቸው ምን እንደሚገዙና ምን እንደሚቀርባቸው ቆጠሩለት። እንመለሳለን አላሉትም። ከማርች 1 ጀምሮ ዋጋው ወደ ድሮው እንዲመለስ ተወሰነ።

ይህን የነገረችኝ ከአድመኞቹ አንዷ ናት። በጁላይ 1981 ለአንድ ወር ልምምድ የተመደብኩበት ሽመና ቤት ውስጥ ሥራ ታሳየኝ የነበረች ሴት። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን እርስ በርስ የሚነጋገሩት ከንፈር እያዩ ነበር። እሷ የ1971ን ነገር ስትነግረኝም እንደዚያው ነው፤ ድምፅዋ አይሰማኝም፣ ከንፈሯን እያየሁ። ፖላንድኛዬ ገና ስለነበር ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። እሷም ሳትሰለች ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ።

ጥያቄ፦ ሌክ ዋሌሳ እውነት አጥር ዘሎ ነው የገባው? (ጥያቄው ከሦስት አንባቢዎች መጥቷል)

መልስ፦ የሶሊዳርኖሽች መሪ የሆነው ዋሌሳ አድማው ወደ ተነሳበት የግዳንስክ መርከብ ፋብሪካ አጥር ዘልዬ ገባሁ ይላል። ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ ከፋብሪካው በ1976 ተባርሯል። ኦገስት 14 ቀን 1980 አድማው ሲጀመር ውጭ ነበር። በኋላ የተቀያየሙት የትግል ጓዱ አና ዋለንቲኖቪች ግን በጀልባ ነው የመጣው ብላለች። በዚህ ጉዳይ ሰው ዛሬም ይጨቃጨቃል። ለእኔ አጥሩ ያን ያህል ትልቅ ነገር አይደለም። ትልቁ ነገር ቀጥሎ ያለው ነው።

ጥያቄ፦ ድራማው ውስጥ የማየው ወንዶች ወንዶች ብቻ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ወንድ፣ ቢሮ ውስጥ ወንድ። ሴቶቹስ የት ነበሩ? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የድራማው ዓይን ከላይ ያሉት ላይ ነው፤ ፖሊት ቢሮው፣ ጄኔራሉ፣ ዋሌሳ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የሥልጣን ድራማ ነው። ነገር ግን አድማው ከመነሻው በሴት ነው የተነሳው። አና ዋለንቲኖቪች በግዳንስክ መርከብ ፋብሪካ ክሬን ነጂ ነበረች። ነፃ ማኅበር ይቋቋም ከሚሉት አንዷ ስለነበረች ጡረታዋ አምስት ወር ሲቀረው፣ ኦገስት 7 ቀን አባረሯት። ሠራተኛው ኦገስት 14 ሥራ ሲያቆም የመጀመሪያው ጥያቄ እሷ ትመለስ የሚል ነበር።

አሁን ወደ ኦገስት 16 ልውሰድሽ። ቅዳሜ ነው። ሦስተኛ ቀኑ። የፋብሪካው ኃላፊ ተስማማ፤ ደመወዝ ይጨመራል፣ የተባረሩት ይመለሳሉ። ዋሌሳ አድማው አበቃ አለ። ሰዉ ሻንጣውን ይዞ ወደ በሩ መጉረፍ ጀመረ። ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ተኝቷል፤ ቤቱ ናፍቆታል።

እዚህ ላይ የከተማዋ ሌሎች ሠራተኞች ነገር አለ። ለመርከብ ፋብሪካው ብለው አብረው ሥራ ያቆሙ አነስተኛ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። ሄንሪካ ክሺቮኖስ የምትባል የትራም ሾፌር ኦገስት 15 የምትነዳውን ትራም መሀል መንገድ ላይ አቁማ የከተማው ትራንስፖርት አብሮ እንዲቆም ካደረጉት አንዷ ነበረች። ትልቁ ፋብሪካ የራሱን አግኝቶ ከሄደ እነዚህ ትናንሾቹ ምን ይሆናሉ? አንድ በአንድ ይለቀማሉ። ክሺቮኖስ ገብታ ይህንኑ ጮኸች፤ እናንተ ከሄዳችሁ እኛ አለቅን፣ አውቶቡስ ታንክን አይችልም አለች።

ዋሌሳ ሰማ። ሐሳቡን ቀየረ። ግን የድምፅ ማጉያው ተዘግቷል፤ ሰዉ ደግሞ እየወጣ ነው። ያኔ ነው ሴቶቹ ወደ በሮቹ የሮጡት። አና ዋለንቲኖቪች ወደ አንዱ በር። አሊና ፒየንኮቭስካ፣ የፋብሪካው ነርስ፣ ወደ ሌላው። ቀጭን፣ ሰውነቷ ትንሽ ሴት ናት። ለንግግር የተዘጋጀ መድረክ አልነበረም፤ ከፍ ያለ ነገር ላይ ቆማ በባዶ ጉሮሮዋ ነበር የምትናገረው። በሩን ዝጉ፤ ሌሎቹን ትተን አንሄድም።

ብዙው ሰው ሄደ። በዚያ ሌሊት ፋብሪካው ውስጥ የቀረው አንድ ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። በቀሪዎቹ ግን አድማው የአንድ ፋብሪካ መሆኑ ቀርቶ የከተማው ሁሉ ሆነ። በዚያው ሌሊት የጋራ ኮሚቴ ተቋቋመ። በማግስቱ 21 ጥያቄዎች ተነደፉ፤ በኋላም በሁለት የኮምፖንሳቶ ሰሌዳ ላይ በእጅ ተጽፈው በሩ ላይ ተሰቀሉ። ሰሌዳዎቹ ዛሬ በዩኔስኮ የዓለም መዝገብ ውስጥ ናቸው። አንደኛው ጥያቄ ነፃ ማኅበር ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ወደ ታች ግን ብዙ ሰው አይወርድም። 13ኛው የሥጋ ራሽን ካርድ ይሰጠን ይላል። 17ኛው የሠራተኛ ሴቶች ልጆች በሕፃናት መዋያ ቦታ ያግኙ ይላል። 18ኛው ደግሞ ሦስት ዓመት ደመወዝ ያለው የወሊድ ፈቃድ ነው። ነፃነትና የሕፃን መዋያ አንድ ሰሌዳ ላይ ተጽፈዋል። እነዚህን የመጨረሻ መስመሮች ባየሁ ቁጥር ወረፋ ላይ የማውቃቸው ፊቶች ይመጡብኛል።

ስለ ወረፋው ካነሳሁ አይቀር። በ1981 ሱቅ ገብተሽ መደርደሪያው ላይ የምታገኚው ኮምጣጤ ነው። ከዳር እስከ ዳር ኮምጣጤ ብቻ። ሥጋ ከኤፕሪል ጀምሮ በካርድ ሆነ። ካርዱ ስስ ወረቀት ነው፤ ሻጭዋ የድርሻሽን ቁራጭ በመቀስ ትቆርጥና ታስቀራለች። ካርድ ስላለሽ ሥጋ ታገኛለሽ ማለት አይደለም። ካርዱ ወረፋው ላይ የመቆም መብት ብቻ ነው። ወረፋው ራሱ ስም መዝገብ ነበረው። በየሰዓቱ ስም ይጠራል፤ ያልተገኘ ይሰረዛል። የሽንት ቤት ወረቀት የተገኘ ዕለት ሴቶች በገመድ ሰክተው አንገታቸው ላይ አጥልቀው በኩራት ሲሄዱ አይቻለሁ።

ጁላይ 30 ቀን 1981 የዉች ሴቶች ወጡ። ፒዮትርኮቭስካ የከተማዋ ዋና ጎዳና ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የማያልቅ። እኔ አስፋልቱ ዳር ነበርኩ። ከፊት የሕፃናት ጋሪ ነው የመጣው። አንድ ሁለት አይደለም፤ ረድፍ ሙሉ። ከኋላቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው። ብዙ ጩኸት እጠብቅ ነበር። ቅርብ ሆኜ የሰማሁት ግን የጋሪ ጎማ ድምፅ ነው፤ ትራም ሐዲዱን ሲሻገሩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ርቦናል የሚሉ ጽሑፎች ይዘዋል። በዚያ ጊዜ ሰልፎች ላይ «የዓለም ረሃብተኞች ተባበሩ» የሚልም ነበር። «የዓለም ወዝአደሮች ተባበሩ» የሚለውን የኮሚኒስት ማኒፌስቶውን መፈክር በደንብ ስለተማርኩት ከአጠገቤ ያለው ሰው ሳይተረጉምልኝ ገባኝ። እንባዬ መጣ። ያቺ ሦስት ጊዜ የደገመችልኝ ሸማኔ ሰልፉ ውስጥ ስታልፍ አየኋት። ከንፈሯን አንቀሳቅሳ የሆነ ነገር አለችኝ። ያን ቀን ምን እንዳለችኝ አልያዝኩትም።

እንግዲህ ሴቶቹ የነበሩት እዚያ ነው እህቴ። በሩ ላይ፣ ትራሙ ላይ፣ ከጋሪው ኋላ። ስምምነቱ ሲፈረም ፎቶው ላይ የሚታየው ዋሌሳና የጳጳሱ ሥዕል ያለበት ትልቁ እስክሪብቶው ነው። ድራማውም ካሜራው የነበረበትን ነው የተከተለው። የሚቀጥለው ድራማ ከነርሷ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ድራማው በዲሴምበር 1981 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያልቃል። ከዚያስ? (መምህር)

መልስ፦ የተጻፈው በ1984 ስለሆነ ቀሪውን ሊያውቅ አይችልም። ባጭሩ፦ ዋሌሳ በ1983 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ፤ ከወጣሁ አያስገቡኝም ብሎ ስለፈራ ኦስሎ ሄዳ የተቀበለችው ሚስቱ ዳኑታ ናት። ማኅበሩ በሕግ ታግዶ ለዓመታት በድብቅ ኖረ። በ1989 መንግሥትና ተቃዋሚዎች ክብ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። በጁን ምርጫ ሶሊዳርኖሽች ከ100 የሴኔት መቀመጫ 99ኙን ወሰደ። ዋሌሳም በ1990 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ነገሩ የተጀመረበት መርከብ ፋብሪካ ግን በ1996 ኪሳራ ታወጀበት። ይህን ብዙ ሰው አያነሳውም። በሩን ዘግተው ያደሩት ሰዎች ሥራቸውን ያጡት ባሸነፉበት ዘመን ነው፤ እኔ ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ጥያቄ፦ እርስዎ እዚያው ስለነበሩ፣ አዋጁ የታወጀ ዕለት ቴሌቪዥኑ ምን ያሳይ ነበር? የቴሌቪዥን ጋዜጠኝነት ስለምማር ነው። (ተማሪ)

መልስ፦ ዲሴምበር 13 ቀን 1981፣ እሑድ። እሑድ ጠዋት የልጆች ፕሮግራም ነበር፤ ቴሌራኔክ ይባላል። የማደሪያችን ዘበኛ ትንሽ ልጅ ሁልጊዜ እኛ ሳሎን መጥታ ነው የምታየው። ያን ቀንም መጣች። ቴሌቪዥኑ ባዶ ነው። ቆይቶ ጥቁር መነጽር ያደረገው ጄኔራል ያሩዜልስኪ ወጣና ንግግር አነበበ። ንግግሩ ቀኑን ሙሉ ተደጋገመ። ልጅቷ ቴሌራኔክ የት ሄደ እያለች ታለቅሳለች። ዜና አንባቢዎቹ የወታደር ልብስ ለብሰው ቀረቡ። ስልክ አንስተሽ ብታዳምጪ ዝም። ሦስት ቀን ቆይቶ ቩየክ የሚባለው የከሰል ማዕድን ላይ 9 ሠራተኞች ተገደሉ።

ለአንቺ የሚጠቅምሽ ቀጥሎ የመጣው ነው። ሕዝቡ ቴሌቪዥኑን ተቃወመ። ግድግዳ ላይ «ቴሌቪዥን ይዋሻል» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ስመ ጥር ተዋናዮች በቴሌቪዥን አንሠራም አሉ። የገባ ተዋናይ ቲያትር ቤት ሲወጣ ተመልካቹ ያጨበጭብበታል፤ አንድም ቃል እንዳይናገር፣ መድረኩን ጥሎ እስኪወርድ ድረስ። ከሁሉም የገረመኝ ግን የሽቪድኒክ ነገር ነው። በሉብሊን አጠገብ ያለች ትንሽ የፋብሪካ ከተማ ናት። በፌብሩዋሪ 1982 ነዋሪዎቹ የምሽቱ ዜና በሚጀምርበት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቤታቸውን ትተው በእግር ሽርሽር መውጣት ጀመሩ። ቴሌቪዥናቸውን መስኮት ላይ ያስቀምጡታል፤ ፊቱን ወደ ጎዳናው አዙረው። ቤት ውስጥ ዜናውን የሚያይ እንደሌለ ይታወቅ ብለው። በሕፃን ጋሪ ጭነው ይዘውት የወጡም ነበሩ። ባለሥልጣናቱ የሰዓት እላፊውን ቀደም አደረጉት። ሰዉ ደግሞ በ11 ሰዓቱ ዜና ጊዜ መውጣት ጀመረ። ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። ለአንድ ጋዜጠኛ ከዚህ የበለጠ ከባድ ፍርድ አላውቅም፤ ማንም አልሰደበውም፣ ቤቱን ብቻ ትቶለት ወጣ።

ስልክ ሲከፈት አንድ የተቀዳ ድምፅ ይቀድምሻል፤ ንግግሩ ቁጥጥር ይደረግበታል ይላል። ደብዳቤም ተከፍቶ፣ ተመርምሯል የሚል ማኅተም ተመትቶበት ነው የሚመጣው። በፌብሩዋሪ መጨረሻ የእናቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። ፖስታው ተቀዷል፣ ማኅተሙ ጎኑ ላይ አለ። ውስጡ በእጇ የተጻፈ አማርኛ ነው፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። የቤቱን ሰው ሁሉ ሰላምታ ከዘረዘረች በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ ትበያለሽ?»